የአባቱ ፊርማ ሳይገኝ ልጄን ማምጣት እችላለሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ ቢገባኝ ነው የምጽፈው። ልጄን ለእናቴ ትቼ ነው የተሰደድኩት። ያኔ ገና ዳዴ ይል ነበር፤ አሁን ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው። የመኖሪያ ፈቃድ እንዳገኘሁ ልጄን ለማምጣት አመለከትኩ። ፋይሉ የቆመው አንድ ወረቀት ላይ ነው፤ የአባቱ የስምምነት ፊርማ። አባትየው የት እንደገባ አይታወቅም። ዘመዶቹም ስልክ አያነሱም። የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ግን ስሙ አለ።

ጉዳዬን የያዘችው ሠራተኛ "ወይ ፊርማውን፣ ወይ የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ" አለችኝ። የትኛው ፍርድ ቤት? እዚህ ያለው ወይስ ልጁ ያለበት አገር? ለእናቴ ውክልና ብልክላት በእኔ ስም የአሳዳጊነት ክስ መክፈት ትችላለች? ዲኤንኤ እናትነቴን ያረጋግጣል እንጂ ፊርማውን አይተካም። ቀይ መስቀል የጠፋ ቤተሰብ ያፈላልጋል፤ ተፈላጊው ካልፈቀደ ግን አድራሻውን አይሰጥም።

የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 10 እንዲህ ያለ ማመልከቻ በቀና መንፈስ፣ በሰብዓዊነትና በፍጥነት ይታይ ይላል። ፍጥነቱን እንኳ እኔ አላየሁትም።

ልጁ ደግሞ እየራቀኝ ነው። በቪዲዮ ስንገናኝ ስልኩን ወደ ኮርኒሱ አዙሮ የመጫወቻ መኪናውን ይነዳል። ባለፈው "አክስቴ" አለኝ። እናቴ ደንግጣ "እናትህ እኮ ናት!" ስትለው፣ "እሺ" ብሎ ጥሎን ሄደ።

አባት ጠፍቶባችሁ በፍርድ ቤት የጨረሳችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ከየት እንደጀመራችሁ ንገሩኝ። ጠበቃ ከመያዜ በፊት ክሱ የት እንደሚከፈት ባውቅ ትልቅ ነገር ነው።