ሀዋሳ ላይ የ5 ኪሎ ሜትር የበጎ አድራጎት ሩጫ ልናዘጋጅ ነው፤ ያደረጋችሁት ምከሩን

የታቦር ስር ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከሀዋሳ ነኝ። የተማርንበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰሞኑን ሄደን ብናይ ልጆቹ በአንድ ዴስክ አራት ሆነው ተጣብቀው ይቀመጣሉ፣ አምስተኛው ድንጋይ ላይ ነው። አብረን የተማርን ዘጠኝ ሰዎች ተሰብስበን ዴስክ እናሰራ ተባባልን። የኛ መዋጮ ብቻውን እንደማያደርስ ሲገባን አንዷ ጓደኛችን "ለምን ሩጫ አናዘጋጅም?" አለች፣ ሁሉም አጨበጨበ። አሁን ጭብጨባው አልቆ ሥራው እኔ ላይ ቀርቷል።

ያሰብነው እንዲህ ነው። 5 ኪሎ ሜትር፣ ከፍቅር ሐይቅ ተነስቶ ፒያሳን እና ገብርኤልን ነክቶ እዚያው የሚመለስ። 300 ሰው፣ ምዝገባ 500 ብር፣ ቲሸርት ይሰጣል፣ ከአንድ እስከ ሦስት ለወጡ የገንዘብ ሽልማት አለ። 150 ሺህ ብር ይገባል ማለት ነው። አዲስ አበባ ያሉት ጓደኞቻችን ደግሞ ለታኅሣሥ ገብርኤል መምጣታችን ስለማይቀር በዚያው ሰሞን ይሁን ይላሉ።

ሁሉም ነገር ልክ ይመስላል ግን ጨንቆኛል። ፈቃዱ ከየት ይጀመራል? መንገዱን ማን ይዘጋል? ምን እየረሳን ነው?

ነፋስ ያሳደገው፦

እህቴ፣ ከአዳማ ነው የምጽፍልሽ። ጭንቀትሽ ልክ ነው፣ ልክ ያልሆነው ሂሳቡ ነው። 150 ሺህ ይገባል እንጂ 150 ሺህ አይተርፍም።

እኛ የሰፈር ልጆች ሆነን ለታመመ ጎረቤታችን እንዲህ ያለ ሩጫ አዘጋጅተን ነበር። ሰው መጣ፣ ተጨፈረ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ማታ ላይ ቁጭ ብለን ስንደምር የተረፈው ገንዘብ እኛው አዘጋጆቹ ከኪሳችን ብናዋጣ ከምናዋጣው ያነሰ ሆኖ አረፈው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። የበላን ቲሸርቱ ነው። አንቺም ቁጭ ብለሽ አስቢው፦ ማተሚያ ቤት በ350 ብር ቢሠራልሽ ለ300 ሰው 105 ሺህ ሄደ። በቀረችው 45 ሺህ ውሃ ግዢ፣ ሞንታርቦ ተከራዪ፣ የደረት ቁጥር አሳትሚ፣ ባነር ስቀዪ፣ ለዳኞች አበል ክፈዪ፣ ሽልማት ስጪ፣ ከዚያ ዴስክ አሠሪ እስቲ።

እሱም ብቻ አይደለም። የኛ ቲሸርት ቅዳሜ ማታ 5 ሰዓት ላይ ነው የደረሰው፣ ስንፈታው ከግማሽ በላይ ትልቁ ቁጥር ነው። የአሥር ዓመት ልጆች ቀሚስ ለብሰው ሮጡ።

እርግጥ በኛ አገር ያለ ቲሸርት ሩጫ፣ ሩጫ አይመስልም። ሰው የሚከፍለው ለቲሸርቱ ነው ብትይኝ አልከራከርሽም። ስለዚህ ወይ አንድ ድርጅት ሙሉ ወጪውን ይቻል፣ ያውም ምዝገባ ሳትጀምሩ፤ ወይ ደግሞ ተዉት። የድሮ ተማሪዎች አይደላችሁ? ዩኒፎርማችሁ ምን ዓይነት ነበር? ሰው ሁሉ ቤቱ ያለውን የዚያን ቀለም ልብስ ለብሶ ይምጣ፣ እናንተ የደረት ቁጥር ብቻ ስጡ። ምዝገባውንም ወደ 200 አውርጂው፣ ቤተሰብ ሙሉ ይመጣል።

ሌላው፣ ከሩጫው በፊት ብረታ ብረት ቤት ሄዳችሁ የአንድ ዴስክ ዋጋ በጽሑፍ ተቀበሉ። ነጋዴ ዘንድ ሄደሽ "ሩጫችንን ስፖንሰር አድርጉልን" ስትዪው ያዛጋል። "አንድ ዴስክ ይኼን ያህል ነው፣ ስንት ልያዝልዎት?" ስትዪው ግን ቢያንስ አንድ ሳይል ማሰናበት ያፍራል። እኛ ይሄ የገባን ካለቀ በኋላ ነው። ገንዘቡ ደግሞ በአንድ ሰው ቴሌብር እንዳይሰበሰብ፣ ያ ሰው አንቺም ብትሆኚ። በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሂሳብ ክፈቱ፣ የትምህርት ቤቱ ወላጅ ኮሚቴም ሰው ይኑርበት። የኛ ጓደኝነት የተቀዛቀዘው በዚህ ነው፣ ማንም ሳይሰርቅ።

ጡረታ የወጣ አሰልጣኝ፦

ልጄ፣ በመጀመሪያ ቀኑን ቀይሪው። የሀዋሳ ልጅ ሆነሽ በታኅሣሥ 19 ሰሞን መንገድ ይዘጋልኛል ብለሽ ነው? ከየአገሩ የሚመጣውን ምዕመን ታውቂዋለሽ፣ ሆቴሉ ሙሉ፣ መንገዱ ሙሉ፣ የትራፊክ ፖሊሱም ሥራ ሙሉ። ከጥምቀት በኋላ ያለ እሁድ ያዙ። ሰማዩ ብራ ነው፣ ጠዋቱም ቀዝቀዝ ይላል።

ፈቃዱ እንደሚወራው አይከብድም፣ ግን እግር ይፈልጋል። ትምህርት ቤቱ በማኅተሙ ደብዳቤ ይጻፍላችሁ፣ እሱን ይዛችሁ ወጣቶችና ስፖርት፣ ከዚያ ትራፊክ ፖሊስ፣ ከዚያ ሰላምና ፀጥታ። የመንገዱን ካርታ በእጅም ቢሆን ሥላችሁ አያይዙ። ስንት ሰዓት ተዘግቶ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ካልጻፋችሁ መልሰው ይልኳችኋል፣ ልክም ናቸው። ሀዋሳ ለዚህ ነገር አዲስ አይደለችም፣ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ግማሽ ማራቶን አካሂዶባታል፣ ቢሮዎቹ አሠራሩን ያውቁታል።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ። ርቀቱን በምን ለካችሁት? በስልክ ከሆነ አልተለካም። በተለይ ሕንፃና ዛፍ ባለበት የስልክ ልኬታ ይዋዥቃል። "ለመዝናኛ ሩጫ ምን ያደርጋል" ትዪ ይሆናል። በሌላ አገር ምንም አያደርግም። እዚህ ግን 5 ኪሎ ሜትር ብለሽ 4 ነጥብ 7 ካስሮጥሽ አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ በ12 ደቂቃ ከ40 ይገባና ከተማው ሁሉ ጉድ ይላል። በሪሁ አረጋዊ በ2021 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ባርሴሎና የ5 ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫን የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር 12 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ ነው የሮጠው! ልጁ ከበሪሁ በለጠ ማለት ነው። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ትቶ ክለብ ፍለጋ ሲንከራተት አስቢ። ቀልድ አይደለም፣ እንዲህ የሆነ ልጅ አሰልጥኛለሁ።

በብስክሌት ለኩ። ሀዋሳ ሜዳ ናት፣ ብስክሌት የሌለው ሰው የለም። ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ በብረት ሜትር 300 ሜትር ለኩ፣ የፊት ጎማው ላይ በኖራ ምልክት አድርጉና ይህን 300 ሜትር አራት ጊዜ እየነዳችሁ ጎማው ስንት ጊዜ እንደሚዞር ቁጠሩ። ከዚያ መንገዱን ንዱት። ሯጭ ሊቆርጠው በሚችለው አጭር መስመር ነው የሚነዳው፣ በኩርባው ላይ ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቃችሁ። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 1 ሜትር ጨምሩ፣ 5 ሺህ 5 ሜትር ይሆናል። ዓለም አቀፍ ለኪዎችም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት፣ እነሱ ጎማው ላይ የሚገጠም መቁጠሪያ አላቸው። ሁሉንም በአንድ ጠዋት ጨርሱ፣ ፀሐይ ሲበረታ የጎማው አየር ይለጠጥና ቁጥሩ ይለወጣል።

የገንዘብ ሽልማቱን ሰርዢው። ገንዘብ አለ ከተባለ የክለብ ልጆች ይመጣሉ፣ አልፈርድባቸውም፣ እንጀራቸው ነው። ነገር ግን በሦስተኛና በአራተኛ መካከል ክርክር ይነሳል፣ ቪዲዮ አምጡ ይባላል፣ አንቺ ዴስክ ልታሠሪ ወጥተሽ ዳኛ ሆነሽ ትመሺያለሽ። ከፈለግሽ አንድ በግ ግዢ፣ በጉ ለፈጠነው ሳይሆን ብዙ ሰው ይዞ ለመጣ እድር ይሰጥ።

የ300 ሰው ሩጫ ትንሽ ነው ብለሽም አትፈሪ። ታላቁ ሩጫ ራሱ ኅዳር 1994 ሲጀመር 10 ሺህ ሰው ነበር። ያንን ኃይሌ ነው የጠራው፣ ይሄንን አንቺ ነሽ የምትጠሪው።

ሲስተር ነኝ፦

ስለ ሰዓትና ስለ ውሃ አወራችሁ፣ ሰው ሲወድቅ ማን ያነሳዋል የሚል አላየሁም።

ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። በእንዲህ ያለ ሩጫ ላይ የሚያስቸግሩት አትሌቶቹ አይደሉም። ዓመት ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ ከርሞ የዚያን ቀን ከልጁ ጋር እልህ የሚጋባው አባት ነው። የደረት ቁጥሩ ጀርባ ላይ ሁሉም ስሙን፣ የቅርብ ሰው ስልክ፣ ስኳር ወይም ግፊት ወይም አስም ካለበት እሱን ይጻፍ። እስክሪብቶ ይዛችሁ መነሻው ላይ ቁሙና አጽፏቸው፣ ቤታቸው ጽፈው አይመጡም።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ደግሞ መሐል መንገድ ሳይሆን ከገባ በኋላ ነው። ሲሮጥ ቆይቶ ድንገት ቀጥ ብሎ ሲቆም ደሙ እግሩ ላይ ይቀርና ራሱን ያዞረዋል። ስለዚህ መግቢያው ላይ ቆሞ ፎቶ መነሳት የለም፣ "ሂዱ ሂዱ፣ ውሃው ወደፊት ነው" የሚል ጉልበተኛ ልጅ አቁሙ። ውሃውንም ከመግቢያው 50 ሜትር አልፋችሁ አስቀምጡት፣ ለውሃው ሲል ይራመዳል። የወደቀውን አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉለት፣ አብዛኛው ወዲያው ይነቃል። የሚቀባዥር፣ ሰውነቱ እንደ እሳት የሚያቃጥል ካለ ግን ሌላ ነገር ነው፣ አምቡላንስ እስኪደርስ ውሃ እያፈሰሳችሁ አቀዝቅዙት። አምቡላንሱን ከቀይ መስቀል ወይም ከጤና ጣቢያ በደብዳቤ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ የት እንደሚቆምም እናንተ ወስኑ፣ ሕዝብ መሐል ገብቶ እንዳይታገት።

ለ5 ኪሎ ሜትር መሐል ላይ አንድ የውሃ ቦታ፣ መግቢያው ላይ አንድ፣ ይበቃል። በየመቶ ሜትሩ ፕላስቲክ አትበትኑ፣ ሐይቁ ዳር ናችሁ።

የባጃጅ ልጅ፦

ይህን ሁሉ አነበብኩ። መንገዱ ላይ የምንውለውን እኛን ማንም አልጠራንም 😂

እህቴ እውነቱን ልንገርሽ፣ እሁድ ጠዋት ለኛ ገበያ ነው። ቅዳሴ የሚሄደው በሌሊት ነው፣ ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ደግሞ ለ3 ሰዓት ፕሮግራም ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው የፕሮቴስታንቱ ሕዝብ በየጥጉ ይጠብቀናል። አንዴ ምንም ሳይነገረን መንገድ ተዘግቶ መጽሐፍ ቅዱስ የያዙ እናት ይዤ ሦስት ጊዜ ዞርኩ፣ እሳቸው ፕሮግራም አለፈባቸው እኔም ሒሳብ አልቀበልም ብዬ ቀረሁ። አስጀምሪ 1 ሰዓት ላይ፣ መንገዱ 2 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ይከፈት። በእግሩ የሚያዘግመውም እስከዚያ ይገባል፣ ያልገባውን እኛ እንጭነዋለን።

እሱን ነው ልልሽ የፈለግኩት። ከሁለት ሳምንት በፊት ለማኅበራችን ንገሩ፣ ደብዳቤም ባይሆን ሰው ልካችሁ። አምስት ባጃጅ በነጻ ከኋላ ይከተላል፣ የደከመውን ይለቅማል። ስትነግሩን የናንተ ነን፣ ሳትነግሩን ክላክስ ነን።

ሽልማቱ ላይ ግን ከጋሼ ጋር አልስማማም። ሽልማት የሌለው ሩጫ ማን ቆሞ ያየዋል? ሰው የሚያጨበጭበው ለሚጨነቅ ሯጭ ነው። የሆነች ነገር ይኑር፣ ብር ባይሆን ብስክሌት።

ጡረታ የወጣ አሰልጣኝ፦

ብስክሌት ካልክማ የክለብ ልጆች ሁለት ቀን ቀድመው ይገባሉ፣ ሸጠውት ይሄዳሉ። ለልጆች ብቻ ከሆነ እስማማለሁ። ከ14 ዓመት በታች፣ የትምህርት ቤቱ ተማሪ የሆነ፣ ርዕሰ መምህሩ የመሰከረለት። ያለዚያ ጢም ያወጣ የ13 ዓመት ልጅ ታያለህ።

የታቦር ስር ልጅ፦

እግዜር ይስጣችሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳነብ ነው ያደርኩት። ለጓደኞቼም አነበብኩላቸው፣ አንዱ ብቻ ተቆጣ፣ ቲሸርቱን ዲዛይን ያደረገው።

የተስማማነው ይሄ ነው። ጥር መጨረሻ ላይ፣ 1 ሰዓት ይጀመራል። ቲሸርት የለም። ዩኒፎርማችን ሰማያዊ ነበር፣ ሁሉም ሰማያዊ ለብሶ ይመጣል፣ ምዝገባ 200 ብር። የስምንተኛ ክፍል ሹራቡን አሁንም ያስቀመጠ ጓደኛ አለን፣ አይገባውም ግን እለብሰዋለሁ ብሏል። በግም ገንዘብም የለም፣ ለልጆች ግን 1 ኪሎ ሜትር ለብቻ እናደርግና ብስክሌቱ ለነሱ ይሆናል፣ ርዕሰ መምህሩ ይመሰክራሉ። ጋሼ፣ ልኬታውን እርስዎ ቢመጡልን ደስ ይለናል፣ ማረፊያና የአሞራ ገደል አሳ በኛ ነው። የባጃጅ ልጅ፣ ማኅበራችሁ የቱ እንደሆነ በውስጥ ጻፍልኝ።

ዛሬ ብረታ ብረት ቤት ሄጄ የዴስኩን ዋጋ በጽሑፍ ተቀብያለሁ። ከዚያ ወጥቼ ሩጫውን ሳላነሳ ሦስት ሱቅ ገብቼ "ስንት ዴስክ ልያዝልዎት?" አልኩ። ሰባት ተያዘ። አንዱ ባለ ሱቅ "ሩጫው ታዲያ ምን ያደርጋል?" አለኝ፣ መልስ አጣሁ 😅 ለማንኛውም እንሮጣለን።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ መርፌ ቁልፍ በጅምላ የት ይገኛል? ለአንድ ሰው አራት ሲባል 1,200 መሆኑ ነው፣ እኛ ሰፈር ያለው ሱቅ በካርቶን ላይ አሥር አሥር ሰክቶ ነው የሚሸጠው።

የባጃጅ ልጅ፦

አሮጌ ገበያ፣ ክርና አዝራር የሚሸጡት ጋ። ነገ 4 ሰዓት ላይ እዚያ ነኝ፣ ነይ አወርድሻለሁ።