ጠፋ የተባለ የሸርጣን ናሙና ሙዚየም ውስጥ እንዴት ይፈለጋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ቤት! ደሴ የባዮሎጂ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ሴሚናሬ በየብስ ሸርጣኖች ላይ ነው። ለአንዱ ዝርያ ስም ሲወጣለት መነሻ የሆነው ናሙና፣ ማለትም ታይፑ፣ «ጠፍቷል» ይላል የማነበው ሁሉ። አማካሪዬ ደግሞ «ማን ፈልጎ አጣው?» አሉኝ። እዚህ ሆኜ የአውሮፓ ሙዚየም፣ ለምሳሌ የበርሊኑን፣ እንዴት ልፈትሽ? ሌላ ናሙና ብተካስ?

የሐይቅ ልጅ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ጥያቄያቸው ሸጋ ነው። መጀመሪያ የድሮ ስሙን አውጣ። የሳይንሳዊ ስያሜ አባት የሚባለው ሊኒየስ በ1758 ሸርጣኖችን «ካንሰር» በሚል ወገን ነበር ያጎራቸው። ዛሬ ካርዲሶማ ካርኒፌክስ የምንለውን ጀርመናዊው ተመራማሪ ኸርብስት በ1796 ሲሰይመው «ካንሰር ካርኒፌክስ» ነው ያለው። በዛሬው ስም ብቻ ከጠየቅክ «የለም» ሊሉህ ይችላሉ። ናሙናው ያለበት ብልቃጥ ግን በድሮ ስሙ ሌላ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይሆናል። በዚያ ዘመን ሌብል ላይ «ታይፕ» ብሎ መጻፍም አልተለመደም። አልኮል ውስጥ ያሉትን ብቻ ሳይሆን የደረቁትንም አስፈትሽ። ሙዚየሞች ናሙና ይለዋወጡ ስለነበር የገቢና የወጪ መዝገቡንም ጠይቅ።

ከዚያ የመጀመሪያውን ገለጻ ከነሥዕሉ ፈልግ። ባዮዳይቨርሲቲ ሄሪቴጅ ላይብረሪ በሚባለው የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ላይ ብዙ የድሮ መጽሐፍ በነፃ ይገኛል። የጀርባው ቅርፊት ስፋት፣ የጎደለ እግር፣ ትልቁ መቆንጠጫ በየት በኩል እንደሆነ ከናሙናው ጋር አስተያይ።

ሰኢድ፦ በመቆንጠጫው ላይ ግን ተጠንቀቅ! የድሮ መጽሐፍ ሥዕል በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ ሲታተም ግራና ቀኙ ይገለበጣል። ቀራጩ አስቀድሞ ገልብጦ ካልቀረጸው ቀኙ ግራ ሆኖ ይወጣል። በዚህ ብቻ «አይደለም» ብለህ እንዳትጥለው።

እቴቴ ዘ ኮምቦልቻ፦ ስለ መተካቱ ልንገርህ የኔ ልጅ። ተተኪው ኒዮታይፕ ይባላል። ዋናው ስለጠፋ ብቻ ዝም ብሎ አይሰየምም። የዝርያው ማንነት አከራካሪ ሆኖ ግልጽ ማድረግ ሲያስፈልግ ነው። ዋናውን እንዴት ፈልገህ እንዳጣህም መጻፍ አለብህ። ከ2000 ጀምሮ በሚሠራበት የእንስሳት ስያሜ ደንብ ደግሞ ዋናው ተገኝቶ ግኝቱ ከታተመ ተተኪው ይወርዳል፤ ደንቡን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን «ይቆይ» ካላለ በቀር። ሰው ደክሞ የሰየመው አንድ ብልቃጥ ሲገኝ ገደል ገባ ማለት ነው!

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ እቴቴ። ለበርሊን ሙዚየም በጀርመንኛ ነው የምጽፈው?

የሐይቅ ልጅ፦ ኧረ በእንግሊዝኛ ይበቃል። ለክሩስታሺያ (ሸርጣንና ዘመዶቹ) ክምችት ኃላፊው ጻፍ። የድሮውን ስም፣ ዓመቱንና የገለጻውን ገጽ ከላይ አድርግ። ናሙናውን ላኩልኝ እንዳትል፤ የሌብሉን ፎቶ ከፊትም ከጀርባም ጠይቅ። መብራት ሳይሄድ የገለጻውን ፒዲኤፍ አውርደህ አብረህ አያይዝ።