ቅልጥሜ አላስሮጥ አለኝ፣ ታላቁ ሩጫ ሁለት ሳምንት ቀረው! እርዱኝ

ሰሚት በጠዋት
ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ቅልጥሜን በጣም እያመመኝ ነው። ዛሬ ከሰፈር ሳልወጣ እያነከስኩ ተመለስኩ። ቲሸርቱን ወስጃለሁ፣ ከቢሮ ልጆች ጋር ነው የምንሮጠው። አሁን ካረፍኩ ክረምቱን ሙሉ የለፋሁት ገደል ገባ ማለት ነው። ቶሎ የሚያሽር ቅባት ወይም ኪኒን የምታውቁ?

ማሜ ፒያሳ
በረዶ ያዝበት ወንድሜ። በፎጣ ጠቅልለህ ለሩብ ሰዓት፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ካልተሻለህ ደግሞ ለቲሸርቱ አታስብ፣ እኔ ላርጅ ነኝ ሃሃ።

ጋሽ ጃንሜዳ
ልጄ፣ እኛ በሣር ላይ ነው ሮጠን ያደግነው። አሁን ከቢሮ ወንበር ተነስታችሁ በቀጥታ አስፋልት ላይ ትወጣላችሁ፣ ያውም ቁልቁለቱን እየደበደባችሁ። ትንፋሽ ቶሎ ይከፈታል፣ አጥንት ግን ቀስ ብሎ ነው የሚለምደው። አትሌቶቹ በሌሊት ተነስተው እንጦጦ ጫካ፣ ሱሉልታና ሰንዳፋ ድረስ የሚሄዱት መንገድ ጠፍቷቸው ይመስልሃል? አፈሩን ፍለጋ ነው። ጫማህንም እይ፣ ሶሉ ካለቀ ጣለው።

ቤቲ ሲኤምሲ
ጥሩ ወጌሻ ጋ ሂድ። የኔን ቁርጭምጭሚት በአንድ ቀን አሽቶ አስነስቶኛል።

ፊዚዮ ሐዋሳ
ቤቲ፣ የሱ ቁርጭምጭሚት አይደለም። ቅልጥም ላይ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ማሸት ይቅርበት። ጠያቂው፣ መጀመሪያ እነዚህን መልስልኝ። ቁጭ ብለህ የቅልጥምህን የውስጥ ጠርዝ በአውራ ጣትህ ከላይ ወደ ታች እየተጫንክ ውረድ። ረዘም ብሎ ነው የሚያምህ ወይስ አንድ ቦታ ላይ ብቻ? ሌሊት ተኝተህስ ያምሃል? ሩጫውን በቅርቡ ጨምረሃል? መድኃኒትስ ወስደሃል?

ሰሚት በጠዋት
ሴት ነኝ 🙂 አሁን ተጫንኩት። አንድ ቦታ ነው፣ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል። ስነካት እንባዬ ነው የመጣው። ሌሊትም ይጠዘጥዘኛል። ድሮ በሳምንት ሦስት ቀን 5 ኪሎ ሜትር ነበር፣ ካለፈው ወር ጀምሮ በየቀኑ 10 አደረግኩት። ህመሙ ከጀመረ ሰነባብቷል፣ ግን ዲክሎፌናክ ስወስድ ዝም ይላል።

ማሜ ፒያሳ
ይቅርታ እህቴ። በረዶውን ግን ያዢበት።

ፊዚዮ ሐዋሳ
እንግዲያው ሩጫው ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። በጠርዙ ላይ ረዘም ብሎ የተዘረጋ ህመም ቢሆን ሺን ስፕሊንት፣ ማለትም ከሩጫ ብዛት የሚመጣ የቅልጥም ህመም ነው ብዬ ጥቂት ሳምንት አርፈሽ ትመለሺ ነበር። በጣት የምትጠቆም ቦታና የሌሊት ህመም ሲኖር ግን ስትረስ ፍራክቸር፣ ማለትም በተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ ነው የሚጠረጠረው። ዲክሎፌናኩ ህመሙን ይሸፍንልሻል እንጂ አጥንቱን አይጠግነውም፣ ተሸፍኖ ሲሮጥበት ስንጥቁ ይሰፋል። የአጥንት ሐኪም ይይሽ። አንድ ሌላ ነገር፣ የወር አበባሽ ቀርቷል ወይም ተዛብቷል? ምግብስ ቀንሰሻል? ብዙ እየሮጡ ትንሽ መብላት አጥንትን ያሳሳል። እዚህ መመለስ ካልፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ ለሐኪሙ ግን ሳትደብቂ ንገሪው።

ዳዊት ሲልቨር ስፕሪንግ
እኔ "ካረፍኩ ገደል ገባ" ባልሽው አልስማማም። ሁለት ሳምንት ያረፈ ሰው ከአቅሙ የሚጎድልበት ትንሽ ነው፣ ሲመለስም ቶሎ ያገኘዋል። ጥሩነሽ ዲባባ እ.ኤ.አ. በ2011 በጉዳት ምክንያት የዴጉን የዓለም ሻምፒዮና ሳትሮጥ ቀርታ በ2012 ለንደን ላይ የ10,000 ሜትር ወርቅ ወስዳለች። እሷ መቆም ከቻለች አንቺስ?
የመቀመጡ ነገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ የእግሬ አጥንት ተሰንጥቆ ስቀመጥ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ ያናድደኝ ነበር። የረዳኝ የጠዋት ሰዓቴን አለመልቀቄ ነው። በሩጫዬ ሰዓት ተነስቼ መዋኛ እሄዳለሁ፣ እግሬ ወለል ሳይነካ በጥልቁ ውሃ ውስጥ እሮጣለሁ። ልብን በደንብ ያሠራል፣ አጥንት ላይ ግን ክብደት የለም። የሯጮቹን ግሩፕ ደግሞ ለጊዜው ድምፁን አጠፋሁት፣ በየቀኑ የሰው ኪሎ ሜትር ማየት አልቻልኩም ነበር።

ሰሚት በጠዋት
ተመስገን! ሐኪም ቤት ሄጄ ራጅ ተነሳሁ፣ ምንም የለም አሉኝ። እንግዲህ ልሩጥ አይደል?

ቤቲ ሲኤምሲ
እልልል! ባትሮጪም ተራመጂ። ታላቁ ሩጫ ላይ ስንቱ እየጨፈረ አይደል የሚጨርሰው።

ፊዚዮ ሐዋሳ
እባክሽ ቆይ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስንጥቁ ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም፣ ቀደም ብሎ የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው። ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ማንሳት ካልቻልሽ ስንጥቅ እንዳለ ቆጥረሽ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ከሩጫ ራቂ፣ ከዚያ ሐኪሙ ድጋሚ ይይሽ። በዚህ እግር 10 ኪሎ ሜትር በእርምጃም አይሆንም። ጓደኞችሽን ከመስቀል አደባባይ ሸኚያቸው። ቤት ውስጥ ስትራመጂ እንኳ የሚያነክስሽ ከሆነ ክራንች ጠይቂ። ወደ ሩጫ የምትመለሺው ፈጠን ያለ የግማሽ ሰዓት እርምጃ ያለ ኪኒን ሳያምሽ ሲቀር ነው፣ ያኔም አንድ ደቂቃ ሮጠሽ ሁለት ደቂቃ እየተራመድሽ፣ ቀን እያሳለፍሽ።

ጋሽ ጃንሜዳ
ልጄ፣ ሐኪሙን ስሚ። ታላቁ ሩጫ ለከርሞም አለ።

ቦሌ 24
ሰላም፣ እኔን ደግሞ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ተረከዜን ይወጋኛል፣ ትንሽ ስራመድ ይለቀኛል። ያው ነገር ነው?

ማሜ ፒያሳ
በረዶ!

ፊዚዮ ሐዋሳ
ቦሌ፣ ያንተ ሌላ ነው፣ የውስጥ እግር ጅማት ይመስላል። በረዶ በያዘ የውሃ ጠርሙስ ላይ እግርህን አንከባል፣ ባትህንም አሳስብ። ለብቻው ጠይቅና በደንብ እንነጋገርበታለን። ሰሚት፣ ኤምአርአይ ተነሳሽ? የወር አበባውንም ጥያቄ አልመለስሽልኝም።