ጣት በድንገት ጠጠር ይመልሳል? ስለ እሑዱ የፈረስ ውሳኔ

የጅሬን ልጅ፦
እሑድ ጅማ ፈረንጅ አራዳ በተካሄደው የቼዝ ውድድር የተሰጠው ውሳኔ ሦስት ቀን ሙሉ ከውስጤ አልወጣም። ላልነበራችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ነጩን ይዞ የሚጫወተው ልጅ ንግሥቱን ሊያነሳ እጁን ሲሰድ የሹራቡ እጅጌ ፈረሱን ገፋውና ጠጠሩ ወደ መስመሩ ሸሸ። ልጁም በአንድ ጣቱ ፈረሱን ወደ ቦታው መልሶ ንግሥቱን ተጫወተ። ተጋጣሚው ወዲያው ሰዓቱን አቁሞ ሲከስ ዳኛው ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው የአማርኛ ወረቀት አመለከቱ። እዚያ ላይ «የነካ ተጫዋች የነካውን ያንቀሳቅሳል» ከሚለው በስተቀር ሌላ ነገር አልተጻፈም። ልጁ ፈረሱን እንዲያንቀሳቅስ ተገደደና ንግሥቱን አጣ። የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ሕግ አንቀጽ 4.3 ግን የሚያስገድደው ለማንቀሳቀስ ወይም ለመብላት አስቦ የነካን ተጫዋች ነው። ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው «አስቦ» የምትለዋን ቃል በመጣሉ የልጁ የቀን ሙሉ ድካም ገደል ገባ።

የሂርማታው፦
ወንድሜ፣ የልጁ ነገር እኔንም አሳዝኖኛል፤ ሕጉን ግን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። አንቀጽ 4.2 ጠጠር ማስተካከል የሚፈልግ ተጫዋች አስቀድሞ ሐሳቡን እንዲገልጽ ያዛል፤ ቀጥሎም በግልጽ ድንገተኛ ከሆነ ንክኪ በስተቀር ሌላው ንክኪ ሁሉ እንደታሰበበት ይቆጠራል ይላል። እጅጌው ድንገተኛ መሆኑን እቀበላለሁ። ጣቱስ? ጣት በድንገት ጠጠር አይመልስም።

ቡና ቀማሽ፦
«ጣት በድንገት ጠጠር አይመልስም» ማለት ለጆሮ ይጥማል እንጂ ነገሩን አይፈታውም። ጣቱ የመጣው እጅጌው ያበላሸውን ለማቃናት ነው። ሕጉ ራሱ በአንቀጽ 7.4 ጠጠር ከቦታው ያናጋ ተጫዋች በራሱ ሰዓት ትክክለኛውን አቀማመጥ እንዲመልስ ያዛል። በአንድ አንቀጽ «መልስ» ብሎ ያዘዘ ሕግ በሌላው «ስለመለስክ ትቀጣለህ» ሊል አይችልም። ያለ ጣትስ በምን ሊመልሰው ኖሯል?

የሂርማታው፦
7.4 የሚናገረው ከቦታው ስለተናጋ ጠጠር ነው። ፈረሱ ከሳጥኑ ሳይወጣ ትንሽ ሸሽቶ ከሆነ ማስተካከል ይባላል፤ ማስተካከል ደግሞ አስቀድሞ መናገርን ይጠይቃል። ልጁ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ቆጪ፦
እኔ ቀጥሎ ባለው ጠረጴዛ ተቀምጬ ስለነበር በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። ሰሌዳው የሚጠቀለለው የፕላስቲክ ዓይነት ስለሆነ መሐሉ አብጦ ነበር፤ ጠጠር በትንሽ ንክኪ ይንሸራተታል። የፈረሱ መቀመጫ ግማሹ በነጩ ሳጥን፣ ግማሹ በጥቁሩ ላይ ነበር። ይህ ካልተናጋ የትኛው ጠጠር ተናጋ እንደሚባል አላውቅም።

አጂፕ፦
እኔ በተቃራኒው ወገን ቆሜ ነበር፤ ከእኔ በኩል መስመሩን የነካው ጠርዙ ብቻ ነው። ግማሽ የሚባል ነገር አላየሁም።

ቡና ቀማሽ፦
ሁለት ዓይን ያላቸው ሰዎች ከአንድ ክንድ ርቀት አይተው ካልተስማሙ፣ የሂርማታው «በግልጽ» ያሉት ለማን ግልጽ ሆኖ ነው? ለነኪው ነው፣ ለተጋጣሚው ነው ወይስ ለዳኛው?

የሂርማታው፦
ለዳኛው ነው። የሕጉ መግቢያ ሕጉ የሚያጋጥመውን ሁሉ ሊሸፍን እንደማይችል በግልጽ ተናግሮ፣ ዳኛ ብቃትና ሚዛናዊ አእምሮ ያለው፣ ፍጹም የማያዳላ መሆኑን መነሻው ያደርጋል። ዳኛችንን ለዓመታት አውቃቸዋለሁ፤ ለማንም አድልተው አያውቁም።

የጅሬን ልጅ፦
አድልተዋል ያለ የለም። እኔ የምለው አልመዘኑም ነው። እጅጌውን አልጠየቁም፤ ፈረሱ የት ደርሶ እንደነበር አልጠየቁም፤ ወረቀቱን ብቻ አሳዩ። ያ እርስዎ የጠቀሱት መግቢያ እኮ በትክክል ያልተደነገገ ነገር ሲገጥም ተመሳሳይ የተደነገገ ሁኔታ ታይቶ ይወሰን ይላል። ተመሳሳዩ 7.4 ነበር፤ ማንም አልከፈተውም።

መርካቶ ጅማ፦
ይህን ያህል የምትከራከሩት የዓለም ሻምፒዮኑ ካስፓሮቭ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1994 በስፔኑ የሊናሬስ ውድድር ላይ ፈረሱን ለቅጽበት ለቆ ካስቀመጠ በኋላ ሌላ ቦታ መውሰዱን ረስታችሁ ነው? ተጋጣሚው የ17 ዓመቷ ዩዲት ፖልጋር በጨዋታው መሐል ክስ ስላላቀረበች ነገሩ አለፈ። ቪዲዮው መልቀቁን ያሳየው በኋላ ነው። ታላላቆች ያለፉትን እኛ በልጅ ላይ እናጠብቃለን።

የሂርማታው፦
ያ የመልቀቅ ጉዳይ ነው፤ አንቀጹም 4.7 ነው። መንካትና መልቀቅ አይቀላቀሉ። ደግሞም እሷ አልከሰሰችም፤ የእኛው ተጋጣሚ ግን ወዲያው ከሷል።

ጋሼ ሰንጠረዥ፦
ልጆቼ፣ በአባቶቻችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ ወረራ የሚባል ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሱ ነበር። ለንክኪ ይህን ያህል መካሰስ ለእኔ እንግዳ ነገር ነው።

ቆጪ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት፣ ልጁ የተመዘገበው በፊዴ ሕግ ትጫወታለህ ተብሎ ነው። በወረራ ሕግ ቢሆን ማንም ባልከሰሰው።

አጂፕ፦
ሌላም ነገር አለ። ልጁ ከቤቱ የለመደው ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ «ናን ሲሬሳ» (አስተካክላለሁ) ቢል ኖሮ ያ የአማርኛ ወረቀት ይፈቅድለት ነበር?

ቡና ቀማሽ፦
ሕጉ የፈረንሳይኛውን «ዣዱብ» (አስተካክላለሁ) የጠቀሰው ለምሳሌ ብሎ ነው፤ ሐሳብን መግለጽን እንጂ ቋንቋን አይመርጥም። እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ ዋናው ቅጂ የእንግሊዝኛው መሆኑም በራሱ ላይ ተጽፏል። የእኛ ወረቀት ትርጉም ነው፤ ትርጉም ሲጎድል ዋናው ይታያል።

የሂርማታው፦
በቋንቋው እስማማለሁ፤ በማንኛውም ቋንቋ መናገር ይችል ነበር። ችግሩ በየትኛውም አለመናገሩ ነው። ፈረሱ ከሳጥኑ እስካልወጣ ድረስ ውሳኔው ትክክል ነው።

ቆጪ፦
ፈረሱ ወጥቷል። ጠጠሩንና ሰሌዳውን ይዤ መጥቼ የቆመበትን ቦታ አሳያችኋለሁ።

አጂፕ፦
ይምጡ፤ እኔም በቆምኩበት በኩል ሆኜ አያለሁ።

የጅሬን ልጅ፦
ዛሬ ማታ በአዳራሹ በኩል ሳልፍ በመስኮት አየሁት፤ ወረቀቱ እዚያው ተለጥፏል፤ «አስቦ» የምትለዋን ቃል እስካሁን ማንም አልጨመረም።