5000 ዋት ከ30 ዋት ያነሰበት ምክንያት ምንድን ነው?

ባለሳሎን፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ወር መርካቶ ወርጄ ስፒከር ገዛሁ። ካርቶኑ «5000 ዋት ፒኤምፒኦ፣ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ» ይላል። ቤት ገብቼ የበገና መዝሙር ብከፍትበት፣ ያ የእንዚራው (ጅማቱ ሥር የሚገባው ቆዳ) ዝዝታ የለም፤ ድምም የሚል ነገር ብቻ። ጎረቤቴ ጋ ያለው ባለ30 ዋት አሮጌ ስፒከር ግን ጣት ጅማቱን ሲነካ እንኳ ያሰማል። ታዲያ ይሄ ሁሉ ቁጥር ውሸት ነው?

ጠጋኙ፦ ስፒከሩን አዙረውና የመብራት ገመዱ የሚገባበት ጋ የተጻፈውን አንብብልኝ።

ባለሳሎን፦ በስልኬ ባትሪ አየሁት። «220 ቮልት፣ 60 ዋት»። ወይ ጉድ!

ጠጋኙ፦ በል እንግዲህ፣ ከሶኬት 60 ዋት እየበላ 5000 ከየት ያመጣል? ፒኤምፒኦ አምራቹ እንዳሻው የሚያሰላው ቁጥር ነው። አርኤምኤስ፣ ማለትም ሳያቋርጥ የሚያወጣው ኃይል፣ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ዲስቶርሽኑ (ድምፁ ምን ያህል እንደተበላሸ) ካልተጻፈ አትመነው። እስከ 10 ፐርሰንት አበላሽተው የለኩት 50 ዋትና በ0.1 ፐርሰንት የተለካው 50 ዋት አይገናኙም።

ደግሞ ዋቱን እጥፍ ብታደርገው የሚጨምርልህ 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ነው፤ ጆሮ «ትንሽ ከፍ አለ» ብሎ ያልፈዋል። ሴንሲቲቪቲውን፣ ማለትም በትንሽ ዋት ምን ያህል እንደሚጮህ፣ እይ። የጎረቤትህ በ1 ዋት፣ 1 ሜትር ላይ 91 ዴሲቤል ቢያወጣና ያንተ 85 ቢሆን፣ እሱ በ30 ዋት የሚደርስበት ጋ ለመድረስ 120 ዋት ትፈልጋለህ። «ከ20 እስከ 20 ኪሎ» የሚለውንም እርሳው፤ ከጎኑ ሲደመር ሲቀነስ 3 ዴሲቤል (ድምፁ ከዚያ በላይ ከፍ ዝቅ አይልም) የሚል ነገር ከሌለ፣ 20 ኸርዙ ድመት ስትራመድ ያህል ቢሰማም ተሰማ ይሉታል።

ጆሮዬ_ይበቃኛል፦ እኔ ሃያ ዓመት ሙዚቃ ሰምቻለሁ፣ ወረቀት አንብቤ ግን አላውቅም። ቁጥር ድምፅ አይሆንም፣ ጆሮህን እመን።

ጠጋኙ፦ ጌታው፣ ጆሮም እኮ ተለክቷል። ካናዳ በብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት የድምፅ ተመራማሪው ፍሎይድ ቱል ስፒከሮችን ከመጋረጃ ጀርባ አድርጎ ሰው አስፈረደ። ስምና ዋጋ ሳያይ ብዙው ሰው የመረጠው፣ ከባስ እስከ ቀጭን ድምፅ ፊት ለፊት ሲለካ ግራፉ ለጥ ያለውን፣ ከጎን ሲለካም ሳይንገዳገድ የሚወርደውን ነው። ሌላው የድምፅ ተመራማሪ ሾን ኦሊቭ ደግሞ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ከልኬቱ ብቻ ተነስቶ የሰውን ምርጫ የሚገምት ቀመር አወጣ። ስለዚህ ልኬት ይናገራል፤ ችግሩ የሚናገረው ግራፍ ካርቶን ላይ አይታተምም።

ባለሳሎን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ የት ነው ያስቀመጥከው?

ባለሳሎን፦ ቡፌው ላይ፣ ጥግ። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ክፍሉ 4 ሜትር በ4።

ጠጋኙ፦ ድምምታው ከዚያ ነው! 4 ሜትር በሆነ ግድግዳና ግድግዳ መሃል 43 ኸርዝ አካባቢ ያለው ባስ እየተመላለሰ ያብጣል፣ ጥጉ ደግሞ ያባብሰዋል። በርጩማ ላይ አድርገህ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር አርቀው።

ባለሳሎን፦ አሁን ሞከርኩት። ድምምታው በግማሽ ቀነሰ፣ እንዚራውም ከሩቅ ይሰማኛል። የጎረቤቴን ግን አሁንም አያክልም። ባለቤቴ ደግሞ በርጩማው ሳሎን መሃል ምን እንደሚሠራ እየጠየቀችኝ ነው።