ከአዘዞ ፒያሳ በሳይክል፦ ካሜራዋን መሪው ላይ ልግጠማት ወይስ ደረቴ ላይ?

የአዘዞው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጎንደር በየቀኑ ከአዘዞ ፒያሳ በሳይክል እመላለሳለሁ፤ ጠዋት ዳገቱን፣ ማታ ቁልቁለቱን። አንዱ መንገድ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የምሠራው እንጨት ቤት ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት መድረስ ስላለብኝ ገና 1 ሰዓት ሳይሞላ እነሳለሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ማታ ስወርድ አንድ ባጃጅ በግራዬ ቀደመኝ። ቀኝ ዳር እጇን ዘርግታ የቆመች ሴት ነበረች፤ እሷን ሲያይ ፊቴ ላይ ታጥፎ ቆመ። ፍሬቻ አላሳየም። የፊቱን ፍሬን ጨምድጄ መያዜን አስታውሳለሁ፣ ከዚያ አስፋልቱ ላይ ነበርኩ። ትከሻዬ አበጠ፣ ክርኔ ተላጠ፣ የፊቱ ቸርኬ ተጣመመ። ያንገበገበኝ ግን ይሄ አይደለም። ሹፌሩ ወርዶ «ከኋላ መጥቶ ገባብኝ» አለ። የተሰበሰበው ሰው ደግሞ ድምፅ ሰምቶ ዞር ያለ ነው፤ መታጠፉን አላየም፣ ያየው እኔን መሬት ላይ ነው። እሱን አመኑ። ቸርኬውን ከኪሴ አስጠገንኩ።

አሁን ውጭ ያለው ታላቅ ወንድሜ ያገለገለች ጎፕሮ 9 የምትባል ትንሽ ካሜራ ላከልኝ። ባለቤቴ «ካሜራ ከመኪና አያድንህም» ትለኛለች፤ ልክ ናት። እኔም የምፈልገው በዚያች ቀን የሆነውን እንዳለ የሚናገርልኝ ነገር ነው። የት ልግጠማት? ምንስ ላስተካክል?

ሠርግ ቀራጭ፦
እንኳን እግዜር አተረፈህ ወንድሜ። ካሜራ የእንጀራዬ ነገር ስለሆነ የማውቀውን ልንገርህ።

መሪው ላይ አትግጠማት። አስፋልቱ ላይ ደህና ነው፤ ወደ ውስጥ ሰፈር ገብተህ ኮብልስቶን ላይ ስትወጣ ግን ምስሉ ይንዘፈዘፋል፣ የመያዣው ብሎንም ቀስ በቀስ ይላላል። ሄልሜት ላይ ከሆነ የምታየውን ታያለች፣ ዞር ስትል ትዞራለች፤ ጥሩ ጎኑ እሱ ነው። ነገር ግን በጭንቅላትህ ብትወድቅ ያ ጠንካራ ነገር ቀድሞ መሬት ይነካል፣ ወይም አንድ ነገር ይዞት አንገትህን ይጠመዝዘዋል። ሄልሜቱን በስተህ ብሎን ማስገባትማ ፈጽሞ እንዳታስበው። ደረትህ ላይ ታጠቃት። ዳገት ላይ ጎንበስ ስትል ጎማህን ብቻ እንዳትቀርጽ ወደ ላይ ቀና አድርጋት።

ጥራቱን 1080፣ በሰከንድ 30 ፍሬም አድርገው፤ ከዚያ በላይ ባትሪና ሚሞሪ መጨረስ ነው። በጣም ሰፊ የሚያሳየውን አትምረጥ፤ አጠገብህ ያለውን ባጃጅ ራቅ ያለ ያስመስለዋል፣ ቪዲዮውን የሚያይ ሰውም «ይሄ እኮ ሩቅ ነበር» ይልሃል። ሊኒየር የሚለው፣ ምስሉን ሳያጎብጥ የሚያሳየው ይሻላል። በድሮው ላይ እየደረበ የሚቀርጸውን የሉፕ አሠራር ክፈትና 20 ደቂቃ ላይ አድርገው። እዚህ ላይ ልብ በል፦ አንድ ነገር ከተፈጠረ ወዲያው አቁማት። ወድቀህ ተነስተህ ስትከራከር እየቀረጸች ከቀጠለች፣ የምትፈልገውን ራሷ ታጠፋዋለች።

ማታ ላይ ደግሞ ታርጋ ይነበባል ብለህ አትመካ። ብርሃን ሲያንስ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ይለጠጣል። ካሜራዋን ከማቆምህ በፊት ኮዱንና ቁጥሩን በዓይንህ አንብበህ ጮክ ብለህ ተናገር፤ ድምፅህ ይቀረጻል።

የሳሙና በሯ፦
ቀራጩ ያልጠቀሰው አንድ ነገር አለ፤ ሰዓቱ። እኔም ከአንድ ሹፌር ጋር ተጋጭቼ ቪዲዮ ይዤ ቃል ልሰጥ ሄጄ ነበር። ምስሉ ላይ የተጻፈው 18:20 ነው፤ እኔ በቃሌ የሰጠሁት 12 ሰዓት ከ20 ነው። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር። ይኸው ሰዓት ነው፣ ስድስት ጨምሩበት እያልኩ ሳስረዳ ቃሌን የሚቀበለው ሰው ፊት እንደ ውሸታም ሆንኩ። ባትሪው ወጥቶ ከቆየ ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳልና በየሳምንቱ ከስልክህ ጋር አመሳክረው። ቃል ስትሰጥም ሁለቱንም ሰዓትና ሁለቱንም ቀን ራስህ ቀድመህ ጻፍላቸው።

ሌላው፣ ወታደር ካምፕና ኬላ አጠገብ ስትደርስ አጥፋት። ደረቱ ላይ ካሜራ ያሰረ ሰው ምን እንደሚመስል አንተ አዘዞ እየኖርክ አይጠፋህም። ቤተ ክርስቲያን ስትሳለምም ሸፍናት። የሹፌሩን ፊት ቴሌግራም ላይ አትልቀቅ፤ ልጆች አሉት። ለሚመለከተው አሳይና ያብቃ።

ጋሼ ፔዳል፦
ልጄ፣ እኔ ሳይክል ስጠግን ጸጉሬ ሸበተ። ስለ ካሜራው ልጆቹ ሸጋ አድርገው ነግረውሃል፤ እኔ ስለ መንገዱ ልናገር።

ባጃጅ ፍሬቻ አያሳይም እያልክ አትዘን፤ ፍሬቻው እጁን የዘረጋው ሰው ነው። ዓይንህን ከባጃጁ ኋላ አንሳና መንገድ ዳር ያለውን ሰው እይ። እጅ ከተዘረጋ፣ አጠገብህ ያለው ባጃጅ ታጥፏል ብለህ ቁጠር። ቁልቁለት ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብትወርድ በአንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ሄደሃል። ካሜራዋ በርታለች ወይስ ጠፍታለች ብለህ ሁለት ሰከንድ ደረትህን ካየህ 16 ሜትር በጭፍን ሄድክ ማለት ነው። ሳትነሳ አብራት፣ ደርሰህ አጥፋት፣ እየነዳህ አትንካት፤ መንካት ካለብህ ቆመህ ይሁን።

የፊቱን ፍሬን ብቻውን አትጨምድድ፤ የገለበጠህ እሱ ነው። ሁለቱንም ቀስ እያልክ፣ ክብደትህን ወደ ኋላ ሰብስበህ ያዝ። ከቆመ መኪና በር አንድ ሜትር ራቅ። ክረምት ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች አስፋልቱን ዘይት የተቀባ ያደርጉታል፤ ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ደግሞ ሲረጥብ ቶሎ አይጨብጥም፣ ከሩቅ ጀምር። የጥምቀት ሰሞን ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወርደው ሕዝብ መሃል ከገባህ ውረድና እየገፋህ ሂድ።

የአዘዞው ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼም ዕድሜ ይስጥዎ። ሳምንት ሞከርኳት። ደረቴ ላይ ነች፤ ማሰሪያውን ባለቤቴ ከድሮ ቦርሳ ላስቲክ ሰፍታልኝ ነው።

ያላሰብኩትን ነገር ነው ያየሁት። የሐሙስን ማታ ቪዲዮ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ስናይ፣ ሦስት ጊዜ በቆመ ባጃጅና በጠርዙ መሃል በቀኝ በኩል ሾልኬ አልፌአለሁ። አንደኛው ላይ ተሳፋሪ እግሩን ሊያወርድ ነበር፤ ስነዳ ጨርሶ አላየሁትም። ባለቤቴ ቪዲዮውን አቁማ ያንን እግር አሳየችኝና ዝም አለች። ያኔ የጣለኝ ባጃጅ ሹፌር የዋሸውን አሁንም ዋሽቷል እላለሁ። ግን ያን ቀን እኔ ከጠርዙ ስንት ሜትር ላይ እንደነበርኩ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ይሄ ሌሊት ላይ ይመላለስብኛል።

ከዓርብ ጀምሮ በቀኝ መሾለኩን ትቻለሁ፤ ከኋላው ቆሜ እጠብቃለሁ። የጋሼን ነገር ይዤ የሰው እጅ ማየትም ጀምሬአለሁ፤ ትናንት ማታ ሁለቴ አዳነኝ። አምስት ደቂቃ ዘግይቼ እገባለሁ፣ ይሁን።

አሁን የቀረኝ የኋላ መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ቻርጅ ማድረግ ስለማይመቸኝ በተራ ባትሪ የሚሠራ ቀይ መብራት ፒያሳ ወይም አራዳ ያየ ካለ ሱቁን ይጠቁመኝ። ጋሼ ፔዳል፣ የተጣመመውን ቸርኬ ይዤ ቅዳሜ ልምጣ? ተጠግኖም አሁንም ፍሬኑን ይነካል።