«ጉድባይ» ውስጥ ያለው «ባይ» ምንድን ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሰባት ዓመት ልጄ ማታ እንግሊዝኛ ስታነብ «ጉድባይ» ላይ ደረሰችና ቆም አለች። «እማዬ፣ ጉድ ጥሩ ነው። ባይስ?» አለችኝ። መግዛት እንዳልላት፣ የመግዛቱ «ባይ» መሀሉ ላይ ዩ አለበት። አጠገብ የሚለው «ባይ» ደግሞ መጨረሻው ላይ ኢ የለውም። «ነገ እነግርሻለሁ» ብዬ አስተኛኋት። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

መልስ 1፦
እንደ «ጉድ ሞርኒንግ» እና «ጉድ ናይት» ነው። ባይ መለያየት ማለት ይመስለኛል። «መልካም መለያየት» በያት።

መልስ 2፦
ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። የቃሉ መነሻ ሙሉ ምርቃት ነው፦ «ጎድ ቢ ዊዝ ዪ»፣ እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን። እንግሊዞች ሲለያዩ ይባባሉት ነበር። አፍ ላይ ሲመላለስ እየተዋጠ «ቢ ዊዝ ዪ» የሚለው «ባይ» ሆኖ ቀረ። ገብርኤል ሃርቪ የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ በ1573 ገደማ (በአውሮፓ አቆጣጠር) በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ አጥሮ ይገኛል፤ ያኔ ግን ገና «ጎድ» ነው፣ «ጉድ» አልሆነም። ወደ «ጉድ» የሳቡት አንተ የጠቀስካቸው ዓይነት ሰላምታዎች ናቸው። ሰው «ጉድ ዴይ»፣ «ጉድ ናይት» ማለት ስለለመደ ይሄንንም ከነሱ ጋር አመሳሰለው።

መልስ 3፦
እህቴ፣ ለልጅ ከሆነ ከአማርኛው ጀምሪላት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚለውን «እግዜር ይስጥልኝ» እንለው የለ? ያው ነው። ከዚያ «ጎድ ቢ ዊዝ ዪ» የሚለውን አሥር ጊዜ ቶሎ ቶሎ ትበለው። እኔ ከልጄ ጋር ሞክሬዋለሁ፣ መጀመሪያ የሚጠፋው «ዊዝ» ነው። የፈረንሳዮቹ «አዲዩ» እና የስፔኖቹ «አዲዮስ» ውስጥም የፈጣሪ ስም አለ፤ ለአምላክ አደራ ሰጠሁህ እንደማለት ነው።

መልስ 4፦
አጠቃቀሙንም አሳዪያት። ነገ ለምታገኘው ጓደኛዋ «ባይ» ወይም «ሲ ዩ» ይበቃል። «ጉድባይ» ከበድ ይላል፣ ብዙ ጊዜ ለማይገናኝ ሰው ሊሆን ይችላል።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ጠዋት ጫማዋን እያሰረች አስባልኳት። ስድስተኛው ላይ «ዊዝ» ጠፋባት፣ ደስታዋን ብታዩ! አሁን ደግሞ «ዪ ማን ነው?» ብላ ይዛኛለች።

መልስ 2፦
ጎበዝ ልጅ ናት። «ዪ» የድሮ «እናንተ» ነው፣ ዛሬ «ዩ» የሚባለው። ያኔ ለብዙ ሰውም ሆነ ለሚከበር አንድ ሰው ይባል ነበር። እኩያና ታናሽ ሲሆን «ዛው» ነው የሚሉት። ለእኩያዋ «አንቺ»፣ ለአያቷ «እርስዎ» እንደምትለው ነው በያት።